የግራዝማች ኪዳነወልድ ጫማ

ገላነሽ ኪዳነወልድን ከጉድጓድ ያወጧት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ውሃው ከቀሚሷ ተንጠፍጥፎ ሳያልቅ ሸዋ በር ገበያ ላይ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል። ሐረር ከማልቀሷ በፊት ምክንያቱን ትጨርሳለች። ሽንኩርት ሻጯ «ዘሯ ጠራት» አለች፤ ሸማቿ «አባቷ የገባበት ጉድጓድ!» ብላ መለሰች፤ ሁለቱም ደረታቸውን መትተው ወደ ዋጋ ክርክራቸው ተመለሱ።

ወሬው ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም። የግራዝማች ኪዳነወልድ ቤት በሽታ ያለበት ቤት ነው። ግራዝማች በደጉ ወራት እንቅልፍ የማያውቁ፣ የእርሻ በሬያቸውን አርደው መንደር የሚያበሉ፣ ለማያውቁት መንገደኛ ካባ የሚሸልሙ ሰው ነበሩ፤ በክፉው ወራት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው «ውሃ» ለማለት እንኳ ከንፈራቸው ይከብዳቸዋል። እህታቸውም እንዲሁ ነበሩ ይባላል። ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ትልቋ ሙሉነሽ በሽታው ሳይነካት ተረፈች፤ ትንሿ ገላነሽ ወረሰችው። ገላነሽ «ስትበራ» የግቢውን በር በአንድ ጀንበር አረንጓዴ ቀብታ የሰፈሩን ልጆች ጣሊያንኛ ላስተምር ብላ ትነሣለች፤ «ስትጠፋ» ከሑዳዴ እስከ ክረምት ከአልጋ አትወርድም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ደኅና ነበረች። ደኅና ብቻ ሳትሆን ታጭታ ነበር፤ ይህንን ያልፈቀደላት ሰው ደግሞ በከተማው ሙሉ ነው።

ሻምበል ለገሠ ሲደርስ ከጓሮው ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው መንገድ በጠዋቱ ዝናብ ቀይ ጭቃ ሆኖ ነበር። ለገሠ ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ መርማሪ ነው፤ ሰው ሲናገር አፉን ሳይሆን እጁን ያያል ይባላል። ሬሳውን አየ፤ ከቀሚሱ ኮሌታ ኋላ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ነገር አስተዋለ፤ ከዚያ ሌላው አይቶ ያለፈውን የጉድጓዱን አፍ አየ። በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ነጭ የሙሽራ ጫማ ተቀምጧል፤ ግራው በቀኝ በኩል፣ ቀኙ በግራ በኩል። በላዩ የተቆረጠ ማተብ ከትንሽ የብር መስቀል ጋር ተጋድሟል።

ለገሠ አንዱን ጫማ አነሣና ገለበጠው። ሶሉ እንደተገዛበት ቀን ንጹሕ ነው። እንደነበረ መልሶ አስቀመጠው።

ሬሳውን መጀመሪያ ያዩትና ያስወጡት ሐረሬው ሽማግሌ አው ዐብዱናስር ናቸው፤ ቤታቸው ከከተማው ግንብ ውስጥ ቢሆንም የጫትና የሎሚ አትክልታቸው ከዚህ ግቢ ጋር ይዋሰናል፤ ውሃ የሚያስቀዱትም ከዚሁ ጉድጓድ ነው። ጫማውን ሲያዩ ክንዳቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

«ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ! ደግሞ?»

«ደግሞ ምን፣ አው ዐብዱናስር?» አለ ለገሠ።

«ደግሞ… ሞት ማለቴ ነው፣ ሻምበል።»

«ሞትማ መቼ ቀርቶ ያውቃል» አለ ለገሠ፤ «ደግሞ» የምትለዋን ቃል ግን ከመፋቂያው ጋር ጥርሱ መካከል አስቀራት።

ከኋላ ጩኸት ተሰማ። እጮኛዋ መምህር ሳህሉ በቤተሰቡ የንስሐ አባት እግር ላይ ወድቋል።

«አባ፣ ራሷን አልገደለችም! በቤተ ክርስቲያን ትቀበር!»

«ልጄ፣ ማተቧን ቆርጣ የሄደች ነፍስ ፍትሐት የላትም። ደንቡን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። ሬሳው ሐኪም ቤት ይደር። እስከ ነገ ማታ ፖሊስ ሌላ ቃል ካላመጣ ከቅጥሩ ውጭ ያለ ጸሎት ትቀበራለች።»

የሳህሉ እናት ወይዘሮ ወለተሥላሴ የልጃቸውን ኮት ከኋላ ጎተቱ። «ተነሥ አንተ! ሱሪህን በጭቃ አበላሸኸው። ለእሷ ስትል ስንት ሱሪ ልትጨርስ ነው?»

ሳህሉ ተነሥቶ የለገሠን ክንድ ያዘ። ማልቀሱን ትቶ ነበር፤ ይህ ከልቅሶው የባሰ ነው። «ሻምበል፣ እንደ ውሻ እንዳትጣልብኝ።»

«እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለን» አለ ለገሠ።

የሟች እናት ወይዘሮ በለጡ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ የሚወርዱት ሁለት ሰው ደግፏቸው ነው። ለገሠ ሲገባ ፀጉራቸው አልተፈታም፤ ጉንጫቸውም አልተቧጨረም።

«ራሷን ነው፣ ልጄ። አትድከም። የአባቷ ደም ነው።»

«እርስዎ ከዚህ ሆነው እንዴት ዐወቁ፣ እማማ?»

«ጫማውንና ማተቡን ነገሩኝ። በቃኝ።»

«ፍትሐት እንደማታገኝስ ያውቃሉ?»

የአሮጊቷ እጅ ብርድ ልብሱን ጨበጠ፤ የጣቶቻቸው አንጓ ነጣ። «አውቃለሁ። አንተ ራሷን ነው ብለህ ጻፍ።»

ለገሠ እጃቸውን አየ እንጂ ሌላ አልጠየቀም። አጠገቡ ወዳለው ክፍል አለፈ።

ሙሉነሽ በስፌት መኪናዋ አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ማኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የተደረደሩት ወንዶች ሰፊዎች ያሻቸውን ያህል መኪናቸውን ያንኳኩ፤ ሐረር ለሙሽራ ቀሚስ የምታምነው ሙሉነሽን ነው። በመኪናው ላይ የእህቷ የሰርግ ቀሚስ ተዘርግቷል፤ ስፒሎቿ በራሷ እጅጌ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል።

«እህትሽን ዛሬ መጨረሻ ያየሻት መቼ ነው?»

«ጠዋት። ከእኩለ ቀን በፊት ገበያ ወጣሁ። የተመለስኩት ጩኸቱን ሰምቼ ነው።»

«ምን ልትገዢ?»

«ነጭ ክር።»

«አገኘሽ?»

«አላገኘሁም።»

«ሸዋ በር ነጭ ክር ከጠፋ» አለ ለገሠ «ከነገ ወዲያ ሁላችንም ራቁታችንን ነን።»

አልሳቀችም። «የምፈልገው ዓይነት አልነበረም ማለቴ ነው።»

«ቀሚሱ ያምራል። ልኳን በደንብ ታውቂያለሽ።»

«የእሷን ልክ የማያውቅ ማን አለ? ስትበራ ከተማው ይከተላታል፤ ስትጠፋ ከተማው ይሳልላታል። ልኩ የማይታወቀው ጤነኛ ሰው ነው። ጤነኛ ሰው ይላላካል፣ ሻምበል።» ከዚያ እንደ መሐላ ቃል ጨመረች፦ «እኔ ጤነኛ ነኝ። አንድ ቀን ታምሜ አላውቅም። ይመዝገብልኝ።»

«ታመሻል ያለሽ የለም።»

«ሁሉም ሲል ነው የኖረ።»

ግቢው በር ላይ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ለመሄድ ተነሥተው ነበር፤ ለገሠ አስቀመጣቸው። ሴትዮዋ ዛሬ ቀትር ላይ ከዚህ ግቢ ሲገቡ ታይተዋል።

«ገብቻለሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? ልጄን ተዪልኝ ልላት ነው። አንድ ልጄ ነው። የምትወስድብኝ ሴት ጤነኛም ብትሆን እኔ አልወድም፤ ሕመምተኛ ሲጨመርበት ደግሞ! ሽማግሌ ልኬ ዘሩን አስጠይቄያለሁ። 'አባትየው አዲሱ ጫማው አዳልጦት ከጉድጓድ ገባ እንጂ ሌላ የለም' ብለው ሸኙን። ስለ በሽታው ከጎረቤት ነው የሰማሁት።»

«ገላነሽ ምን መለሰችልዎ?»

«ሳቀች! 'እማማ፣ እርስዎም ይምጡና አብረን እንኖራለን' አለችኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም።»

ሳህሉ ከኋላቸው ጭንቅላቱን ያዘ። «ከልቧ እኮ ነው፣ እማዬ። በሽታዋን ገና የተዋወቅን ዕለት ነገረችኝ። 'ዐውቀኸኝ ውሰደኝ' አለችኝ። ዐውቄ ነው የወሰድኳት።»

«ስለ አባቷ ሞትስ ምን ትልህ ነበር?» አለ ለገሠ።

«ጫማቸው አዳልጧቸው ነው። ስለዚህ እኮ ጉድጓዱ ዘንድ በጫማ አትሄድም ነበር። ጓሮ በር ላይ አውልቃ በባዶ እግሯ ነው የምትወርድ። 'አባዬን የገደለው ጫማ ነው' ትላለች። ራሳቸውን ገደሉ የሚል ሲያጋጥማት ግን ትጣላለች፤ አንድ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬን በጥፊ መታለች።»

ለገሠ መፋቂያውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ።

አው ዐብዱናስር ለገሠን በቤታቸው «ነደባ» ከሚሉት ከፍተኛ መደብ ላይ አስቀመጡት፤ ይህም ክብር ነው፤ እንግዳው ከከፍታው ሆኖ ቤቱን ሁሉ ያያል። ባለቤታቸው ሰዐዲያ የሎሚ ውሃ አቀረቡ።

«'ደግሞ' ያሉት ስለ ሞት አይደለም» አለ ለገሠ። «ስለ ጫማው ነው።»

ሽማግሌው «አማና ነው፤ አደራ» አሉ። «ወላሂ፣ አማና አይበላም።»

«አማናው ለማን ነበር?»

«ለሞተ ሰው። እንዲቀበር።»

«እንግዲያው ያው አማና ዛሬ ሌላ ሰው እንዳይቀበር እያደረገ ነው፣ አው ዐብዱናስር።»

ሰዐዲያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ንገረው፣ አንተ። ልጅቷ ባዶ እጇን ከዚህ ቤት ገብታ አታውቅም።»

ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ግራዝማችን ያወጣሁ እኔ ነኝ። አላዳለጣቸውም። ጫማቸው ከድንጋዩ ላይ ነበር፤ ግራው በቀኝ፣ ቀኙ በግራ። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ አላህ ያውቃል። ወይዘሮ በለጡ 'ቄሱ ካወቁ አይፈቱትም' ብለው እግሬ ላይ ወደቁ። ጫማውን እኔው መልሼ እግራቸው ላይ አጠለቅሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለዚህች ለሚስቴ እንኳ።»

«ለእኔ እንኳ!» አሉ ሰዐዲያ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጎናቸው የተኛ ምስጢር ያስቀናቸው ይመስላል።

«ከጫማው በላይ ሌላ ነገር ነበር? ማተብ?»

«ጫማ ብቻ ነው ያየሁ። ማተብ አላየሁም።»

«ከእርስዎ ቀድሞ ማን ደረሰ?»

«እናትየውና ትልቋ ልጅ። ሙሉነሽ ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ይሆናታል። ትንሿ ሶፊ በሚባለው ገጠር ዘመድ ቤት ነበረች፤ የመጣችው ከቀብር በኋላ ነው።»

ለገሠ ወደ ሰዐዲያ ዞረ። «እርስዎስ ዛሬ አይተዋት ነበር?»

«አዎ፤ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ መጥታ ሹሩባ ሠራሁላት፤ ለሰርጉ ይለምድ ብላ። ይኸው እዚህ ምንጣፍ ላይ። ሳቋ እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር።»

«የለበሰችው ያንኑ ቀሚስ ነው? አንገቷ ላይ የሚወጋ ነገር አልነበረም?»

«ምን ይወጋል? ከማጅራቷ ጀምሬ ነው የሠራሁ፤ ኮሌታዋን እጄ ሲዳስስ ነው የዋለ።» ከዚያ ሳይጠየቁ ጨመሩ፦ «ለእኔስ የምታሳዝነኝ ታላቂቱም ናት። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መጣላት። 'ልጅቷስ ወርቅ ናት፤ ዘሩ ግን…' እያሉ ጠላውን ጠጥተው ሄዱ። ታናሿ ስትታጭ ግን ቀሚሱን እኔ ካልሰፋሁ አለች። ማሻአላህ አልን።»

እሑድ ጠዋት ለገሠ ሐኪም ቤት ሄደ። ሚስቱ በሰንበት ማን ቤት እንደሚሄድ ሁለት ጊዜ ጠይቃው፣ ሬሳ ዘንድ መሆኑን ስትሰማ ነው ኮቱን የሰጠችው።

ዶክተር ጀማል ገላነሽን ሁለት ዓመት ያከማት ወጣት ሐኪም ነው። አንድ ስፒልና ጥቂት ፀጉር በወረቀት ላይ አቀረበ።

«ስፒሉ ከቀሚሷ ኮሌታ ከኋላ በኩል ተሰክቶ ነበር። ፀጉሩ ከተቆረጠው ማተብ ጋር የተያዘ ነው፤ ከማጅራቷ፣ ከሹሩባው ጫፍ። ከጭንቅላቷ ኋላ ምት አለ፤ የጉድጓዱ ድንጋይም ሊሆን ይችላል፤ አልምልም።»

«የሚምሉበትን ይንገሩኝ። በሽታው ዘር ነው ወይስ አይደለም? ከተማው ሁሉ በዚህ ነው የፈረደው።»

ጀማል ወንበሩን ሳበ። «ዘር አለበት። ከታመመ ወላጅ የሚወለድ ልጅ ከሌላው ሰው የበለጠ ለዚህ በሽታ ቅርብ ነው። ቅርብ ነው እንጂ ተፈርዶበታል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ልጆች ጤነኛ ሆነው ያረጃሉ። ፍጹም አንድ የሆኑ መንትዮችን የመረመሩ ሐኪሞች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ሳይታመም የኖረበት አግኝተዋል። የሚወረሰው በሽታው ራሱ ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው። አባቴ ሶፊ ጫት አለው፤ ሁሉም ከአንድ እናት ግንድ እየተቆረጠ የተተከለ ነው። ድርቅ ሲመጣ የላይኛው መደብ ይጠወልጋል፣ የታችኛው ይለመልማል። ግንዱ አንድ ነው፤ የደረሰበት ግን አንድ አይደለም። ለሰው ድርቁ ሐዘን ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው፣ ወሊድ ነው፤ ገና ያላወቅነውም ብዙ ነው።»

«ራስን ማጥፋትስ?»

«ይህ በሽታ ያለበት ሰው ለዚያ አደጋ ቅርብ ነው፤ አልዋሽዎትም። ስትሞት ደኅና ስለነበረች ብቻ አላደረገችውም ብዬ አልምልልዎም።»

«የአሟሟቱ ዝርዝርስ በዘር ይወረሳል? ሰው ያላየውን የአባቱን ጫማ አቀማመጥ ይወርሳል?»

ጀማልን ሳቅ አመለጠው። «ደም እንዲህ ያለ ትውስታ አይዝም፣ ሻምበል!»

«ለዚህ ይምላሉ?»

«ለዚህ እምላለሁ።»

ለገሠ ስፒሉን ኮሌታው ላይ ሰክቶ ወጣ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወይዘሮ በለጡ መኝታ ክፍል ተሰበሰቡ፤ አልጋው ሊመጣ ስለማይችል ሰው ወደ አልጋው መጣ። ሙሉነሽ ከእናቷ ራስጌ ቆመች። ሳህሉና እናቱ አግዳሚው ላይ፣ አው ዐብዱናስርና ሰዐዲያ በር አጠገብ፣ የንስሐ አባት በወንበር ተቀመጡ። ለገሠ ነጩን ጫማ ከመሬት አኖረው፤ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ። ማተቡን በላዩ ጣለ። ወይዘሮ በለጡ ፊታቸውን አዞሩ።

«ከትናንት ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚለው 'ልክ እንደ አባቷ' ነው» አለ ለገሠ። «እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። አው ዐብዱናስር፣ ይንገሩልኝ።»

ሽማግሌው ወደ አልጋው ተመለከቱ። «ይቅር በይኝ፣ በለጡ» ብለው የግራዝማችን ጫማ ተናገሩ።

የንስሐ አባት ከወንበራቸው ተነሡ። «ግራዝማች? እኔ እኮ ነኝ የፈታኋቸው!»

«በዚያ ከእግዚአብሔር ጋር ይነጋገሩበታል፣ አባ። ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያኔ ማተባቸው የት ነበር?»

ቄሱ ትዝታቸውን ፈለጉ። «ተቆርጦ በወይዘሮ በለጡ እጅ ነበር። 'ውሃው በጠሰው' ብለውኝ እኔው አሰርኩላቸው።»

«ውሃ ማተብ አይበጥስም። ግራዝማች ጫማቸው ላይ ጥለውት ነው የሄዱት። ወይዘሮ በለጡ ጎረቤት ሳይደርስ አነሡት። ስለዚህ አው ዐብዱናስር ጫማውን ብቻ አዩ።» ለገሠ ወደ አግዳሚው ዞረ። «መምህር፣ ገላነሽ አባቷ እንዴት ሞቱ ትል ነበር?»

«ጫማቸው አዳልጧቸው።»

«ለእርስዎስ፣ ወይዘሮ ወለተሥላሴ?»

«ያንኑ። አዲስ ነበር ብለው የተገዛበትን ሱቅ ሳይቀር ነገሩን።»

«እንግዲህ ገላነሽ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው አባቷ ከነጫማቸው መግባታቸውን ነው። በሽታውን ከአባቷ ወርሳለች፤ ሐኪሟ አልደበቀኝም። ደም በሽታ ያወርስ ይሆናል፤ ጫማ አቀማመጥ ግን አያወርስም። ያላየችውን፣ ያልተነገራትን፣ እንዲያውም ተቃራኒውን ተነግሯት ያደገችበትን ነገር እንዴት ደገመችው? አልደገመችውም። ያየ ሰው ደገመላት። ያ ሰው 'ዘሯ ጠራት' እንድንል ፈልጎ በጣም አስመሰለው፤ መመሳሰሉን ሲያበዛው ራሱን አጋለጠ።»

በክፍሉ ውስጥ የሰዐዲያ መቁጠሪያ ብቻ ይሰማል።

«ጫማው በዚያ ጭቃ አልተረገጠም፤ ሶሉ ንጹሕ ነው። በእጅ ነው የሄደው። እሷው ይዛው ሄደች እንዳልል፣ ሰው ሊያወልቀው ብሎ ጫማ ተሸክሞ ይወርዳል? ያውም ጓሮ በር ላይ አውልቆ መሄድ ልማዷ የሆነ ሴት? ማተቡም ከማጅራቷ ከሹሩባዋ ጋር ነው የተቆረጠ፤ የራሱን ማተብ የሚቆርጥ ሰው ከጉሮሮው በታች ይቆርጣል። ከኋላዋ ሰው ነበር። እንግዲህ የግራዝማችን ጫማ የሚያውቁ በሕይወት ያሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። አው ዐብዱናስር ማተቡን አያውቁም። ወይዘሮ በለጡ ከዚህ አልጋ መውረድ አይችሉም።»

ማንም ወደ ራስጌው ለማየት አልደፈረም። ለገሠም ገና አላየም፤ አሮጊቷን ነው የሚያይ።

«እማማ፣ እርስዎ ትናንት ጫማውንና ማተቡን እንደነገሩዎ ወዲያው ዐወቁ። ባልዎን ለማስቀበር በቄስ ፊት የዋሸ አፍ፣ ልጅዎን ላለማስቀበር 'ራሷን ነው' ብሎ ማለ። እናት ልጇን ያለ ፍትሐት የምትጥለው ለምንድን ነው ብዬ አደርኩ። የቀረችዋን ለማትረፍ ካልሆነ በቀር ሌላ መልስ አጣሁ።»

ወይዘሮ በለጡ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ለገሠ ስፒሉን ከኮሌታው ነቅሎ አነሣ። «ይህ ከገላነሽ ኮሌታ ከኋላ የተገኘ ነው። ወይዘሮ ሰዐዲያ ከዙህር በኋላ ሹሩባ ሲሠሩላት አልነበረም፤ ቢኖር እጃቸውን በወጋ ነበር። ስለዚህ ከሹሩባው በኋላ ነው የተሰካ። የቀሚስ ጫፍ ደግሞ የሚለካው በሚለበስበት ጫማ ነው፤ ነጩ ጫማ ከሣጥኑ የወጣው ለዚህ ነው። ሙሉነሽ፣ አንቺ ያን ጊዜ ነጭ ክር የጠፋበት ገበያ ነበርሽ።»

ሙሉነሽ እጅጌዋን አየች። ከተደረደሩት ስፒሎች መካከል ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካችው።

«የሰርጉ ቀሚስ ኮሌታ የት እንደሚያርፍ ከሥር በለበሰችው ቀሚስ ማጅራት ላይ ምልክት አድርጌ ረሳሁት» አለች። ድምፅዋ ስለ ሌላ ሰው ስፌት የምታወራ ይመስል ነበር። «ለክቼ ስጨርስ ጫማውን አወለቀች። የሰርጉን ቀሚስ አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ውሃ ልትቀዳ ወረደች፤ ተከተልኳት። የመታኋት በድንጋይ ነው። ማተቡ በመቀስ ነው። ከዚያ ተመልሼ ጫማውን አመጣሁ።»

«ለምን፣ ሙሉነሽ?» አለ ሳህሉ።

«ለምን ትለኛለህ? በሽታው የእሷ፣ ቅጣቱ የእኔ ነበር። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶ ከዚህ ቤት ዘር ሸሸ። እኔ ምን ጎደለኝ? ሌሊት ተነሥቼ አልዘፈንኩም፤ ግድግዳ እያየሁ አልከረምኩም፤ እሷን አጠብኩ፣ አበላሁ፣ ከጣሪያ ላይ አወረድኩ። ጤነኛዋን የሚደፍር አንድ ወንድ ጠፍቶ፣ አንተ መጥተህ ሕመምተኛዋን 'ዐውቄ ነው የምወስድሽ' አልካት። ዐውቄ! እኔንስ ማን ያውቀኛል?» ትንፋሽ ወሰደች። «ስለካት ምን አለችኝ መሰለህ? 'ሙሉዬ፣ አንቺም ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ፤ ልጆቼን ታሳድጊልኛለሽ።' ከልቧ ነበር። ተንኮል ቢኖርባት ኖሮ ይቀለኝ ነበር።»

ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ ያንኑ ግብዣ እንደ ስድብ የቆጠሩት ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። የንስሐ አባት ጎንበስ ብለው ማተቡን ከጫማው ላይ አነሡ፤ ሁለቱን ጫፍ ቋጥረው ለሳህሉ ሰጡት።

«ሂድና አንገቷ ላይ እሰርላት። ዛሬ በቅጥሩ ውስጥ፣ በፍትሐት ትቀበራለች። ደወሉን አስመታለሁ።»

ለገሠ የሙሉነሽን ክንድ ሊይዝ ሲራመድ አሮጊቷ ከአልጋቸው በግማሽ ተነሡ፤ ዳሌያቸው ሲንቋቋ ተሰማ።

«አትንካት! ታማ ነው! የአባቷ በሽታ ነው! ይቺም ወርሳው ነው፣ ደብቄላት ነው እንጂ! ሐኪሙን ጥሩት! ያመመው ሰው አይሰቀልም፤ ሕግ አለ፣ ልጄ፣ አይደለም ወይ? ሕግ አለ!»

ለገሠ ቆመ። ሕጉ እውነት አለ። ሁሉም ሙሉነሽን አዩ፤ አው ዐብዱናስር እንኳ በዓይናቸው «እሺ በይ» እያሉ ይለምኗት ነበር። አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ያንን ቃል ከተማው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አዘጋጅቶ አስቀምጦላታል።

ሙሉነሽ የእናቷን ትከሻ ይዛ ቀስ አድርጋ አስተኛቻቸው፤ ብርድ ልብሱን አስተካከለች። ከዚያ ከእጅጌዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ራስጌው ላይ አስቀመጠችና ሁለቱን እጆቿን ለለገሠ ዘረጋች። ለገሠ እጆቿን አየ።

«አልታመምኩም፣ እማዬ» አለች። «ጤነኛ ነኝ። ይመዝገብልኝ።»

በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አመናት።